የንግሥት ንብ እርባታ የሥራ ማስታወሻ፦ ከነሐሴ 2016 እስከ ታኅሣሥ 2017 ዓ.ም.

ነሐሴ 18 ቀን 2016 ዓ.ም.

ከሆለታ ከተማ ወጣ ብሎ በሚገኘው የንብ ማነቢያዬ ዛሬ 14 ቀፎዎች አሉ። ዘጠኙ ከገበያ በባህላዊ ቀፎ እንዳሉ ገዝቼ ወደ ዘመናዊ ቀፎ ያዛወርኳቸው ሲሆኑ፣ አምስቱ ከእነዚሁ የወጡ መንጋዎችን ይዤ ያባዛኋቸው ናቸው። ንብ ሲሸጥ ገዥው የሚመረምረው የቀፎውን ክብደትና ጆሮውን አስጠግቶ የሚሰማውን ድምፅ ነው፤ በውስጡ ያለችው ንግሥት የስንት ዓመት እንደሆነችና ከምን ዓይነት እናት እንደተወለደች ሻጩም አያውቅም፣ ገዥውም አይጠይቅም። የአንድ ቀፎ ቁጡነት፣ የማሩ መጠንና ጥሎ የመጥፋት ዝንባሌው ግን በአብዛኛው ከዚህች አንዲት ንብ ጋር የተያያዘ ነው። ስለዚህ ዘንድሮ ንግሥቶችን መርጬ ለማሳደግ ወስኛለሁ። የምፈልገው ብዛት አይደለም፤ ለሁለት ዓመት ያህል የምተማመንባቸው ስምንት ወይም አሥር ንግሥቶች ይበቁኛል።

እናት የምትሆነውን ለመምረጥ የሦስት ዓመት መዝገቤን ከፊት ወደ ኋላ አገላበጥኩ። ማር በመስጠት አንደኛ የሆነው ቀፎ 9 ነው፤ ነገር ግን በየመስከረሙ ሦስት አራት መንጋ እያወጣ ራሱን ስለሚያዳክም ልጆቹን ማባዛት ችግሩን ማባዛት መስሎ ታየኝ። ቀፎ 4 በማር ሁለተኛ ቢሆንም በ2015ቱ የአበባ እጥረት ጎረቤቶቹ ቀፏቸውን ጥለው ሲጠፉ አልተነቃነቀም፣ መንጋ ያወጣውም በሦስት ዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ፍሬሙ (እንጀራ የሚሠራበት የእንጨት ክፈፍ) ሲወጣም ንቦቹ እንጀራው (በሰም የሠሩት ቤት) ላይ ረግተው ይቆያሉ እንጂ ወደ ጫፍ ተግተልትለው አይንጠለጠሉም። የደጋችን ንብ (አንዳንድ ተመራማሪዎች ባንዳሲ፣ ሌሎች ሲሜንሲስ በሚል የዝርያ ስም የሚጠሩት) መንጋ ማውጣትና መኮብለል እንደሚወድ ለምናውቅ ሰዎች፣ የቀፎ 4 እርጋታ ከጥቂት ኪሎ ማር ይበልጣል። ባለፈው ጥቅምት የቀድሞዋን ተክታ የወጣችውና ጀርባዋ ላይ ቀይ ነጥብ ያደረግኩባት የቀፎ 4 ንግሥት ለዚህ ሥራ እናት ትሆናለች።

ነሐሴ 20

ዛሬ ስለ አባቶች አሰብኩ። ብዙ አናቢዎች ሙሉ ትኩረታቸውን እናቲቱ ላይ ያደርጉና ድንጉላዎቹን (ወንዶቹን ንቦች) ይረሳሉ። ንግሥት ግን በአየር ላይ ከ10 እስከ 20 ከሚደርሱ ድንጉላዎች ጋር ትገናኝና የተቀበለችውን ዘር በሆዷ ባለች ትንሽ ከረጢት አኑራ ዕድሜዋን ሙሉ እየቆጠበች ትጠቀምበታለች። ድንጉላ ካልዳበረ እንቁላል ስለሚፈለፈል አባት የለውም፤ የሚሸከመው የእናቱን ውርስ ብቻ ነው። በመሆኑም ድንጉላ የሚያሳድግልኝን ቀፎ ስመርጥ በተዘዋዋሪ ሌላ ንግሥት እየመረጥኩ ነው። የመረጥኩት ቀፎ 7ንና ቀፎ 12ን ሲሆን ሁለቱም ከተለያየ ሰፈር የተገዙ፣ ከቀፎ 4 ጋር ዝምድና የሌላቸው ናቸው። ንግሥት ከወንድሞቿ ጋር ከተገናኘች ከዳበሩት እንቁላሎች ከፊሎቹ ጤናማ ያልሆኑ ድንጉላዎች ስለሚሆኑና ሠራተኞቹም ገና በእጭነታቸው ስለሚበሏቸው፣ እንጀራው እንደተበሳሳ ወንፊት ይሆናል።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። ድንጉላ ከእንቁላል እስከ መውጣት 24 ቀን፣ ከወጣ በኋላ ለግንኙነት እስኪበስል 12 ቀን ገደማ ይፈልጋል፤ በድምሩ 36 ቀን መሆኑ ነው። ዛሬ የድንጉላ እንጀራ ያለበትን አንዳንድ ፍሬም በሁለቱም ቀፎዎች ውስጥ ካስገባሁና እስከ ነሐሴ 24 እንቁላል ከተጣለበት፣ ድንጉላዎቹ የሚበስሉት መስከረም 25 አካባቢ ነው። ዝናቡ ገና ስላላባራና ንብ በችግር ጊዜ ድንጉላ ስለማታሳድግ ለሁለቱም እኩል ለእኩል የተበጠበጠ የስኳር ውኃ በየሁለት ቀኑ ማታ ማታ፣ የበሶና የሽሮ ድብልቅ ደግሞ በሳምንት አንድ ጊዜ መስጠት ጀምሬያለሁ። የጎረቤቶቼን ድንጉላዎች ልከለክል አልችልም፤ የራሴን በብዛት አየር ላይ ማሰማራት ግን እችላለሁ።

ጳጉሜን 3

የሰም ጽዋዎች ሠራሁ። ንግሥት ንብ የምታድግበት ቤት እንደ ሠራተኛዋ ወደ ጎን የተኛ ሳይሆን ወደ ታች የተንጠለጠለ ነው፤ አናቢውም የቤቱን መነሻ በትንሽ ጽዋ መልክ አዘጋጅቶ ያቀርባል። ከወይራ እንጨት ጫፉ ክብ የሆነና 9 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ዘንግ አስቀርጬ በአሸዋ ወረቀት አለስልሼው ነበር። ዘንጉን በሳሙና ውኃ ነክሮ፣ አራግፎ፣ በቀለጠ ንጹሕ ሰም ውስጥ አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ማጥለቅ፤ ከዚያ ትንሽ ከፍ እያደረጉ ሁለተኛና ሦስተኛ ጊዜ መድገም ነው፤ እንዲህ ሲሆን ታችኛው ክፍል ይወፍርና አፉ እንደ ወረቀት ይሳሳል። ሰሙ ሲበዛ ይግላል፣ የጋለ ሰምም ዘንጉ ላይ ከተያዘው ውኃ ጋር ሲገናኝ አረፋ ያወጣል፤ የመጀመሪያዎቹን አሥራ አምስት ያህል ጽዋዎች በዚሁ ምክንያት መልሼ አቀለጥኳቸው። ማታ ላይ 60 ጥሩ ጽዋዎች ነበሩኝ። ፕላስቲክ ጽዋ ገበያ ላይ ይገኛል፤ እኔ ግን ከራሴ ቀፎ በወጣ ሰም የተሠራውን ንቦቹ ቶሎ ይቀበሉታል ብዬ አምናለሁ።

መስከረም 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ቀፎ 6ን ማስጀመሪያ አደረግኩት። ንግሥቲቱን ከሁለት ፍሬም ንብ ጋር ወደ ትንሽ ቀፎ አውጥቼ፣ ክፍት እጭና እንቁላል ያለባቸውን ፍሬሞች ለሌሎች ቀፎዎች አከፋፍዬ፣ ማር፣ ጽጌ ብናኝና የታሸገ እጭ ያለባቸውን ብቻ ተውኩ፤ በተጨማሪም ከሁለት ቀፎዎች ሞግዚት ንቦችን አራግፌ ጨመርኩበት። ሐሳቡ ግልጽ ነው፤ ወተት የሚያመነጩ ብዙ ወጣት ንቦች የሚመግቡት እጭ አጥተው፣ ንግሥትም አጥተው ሲጨነቁ፣ የሚቀርብላቸውን ትንንሽ እጭ ሁሉ እንደ ንግሥት ማሳደግ ይጀምራሉ።

መስከረም 4

ከቀፎ 4 እጭ ያለበትን አንድ ፍሬም አውጥቼ፣ በረንዳዬ ላይ ፀሐይ ከጀርባዬ አድርጌ፣ 24 እጮችን በተቀረጸ የላባ ዘንግ ጫፍ እያነሣሁ ወደ ጽዋዎቹ አዛወርኩ። አንድ ሰዓት ከሩብ ፈጀብኝ፤ በጣም ዘግይቻለሁ። ሁለት ሦስት እጮች ሲገለበጡ አይቻለሁ፤ እጭ የምትተነፍሰው ወደ ላይ ባለው ጎኗ ስለሆነ የተገለበጠች እጭ ታፍና ትሞታለች። ዕድሜያቸውንም የገመትኩት በዓይኔ ነው።

መስከረም 6

ከ24ቱ ዘጠኙን ብቻ ተቀብለዋል። ጽዋዎቹን በአዲስ ሰም ነጭ ነጭ አድርገው አስረዝመው በሮያል ጄሊ (ወጣት ንቦች በሚያመነጩት ወተት) ሞልተዋቸዋል። የቀሩት ተጠርገው ባዶ ናቸው።

መስከረም 14

ትናንት ማታ ጎረቤቴ የሆኑት ሽማግሌ፣ ከአርባ ዓመት በላይ በባህላዊ ቀፎ ንብ ያነቡ ሰው፣ ሊጠይቁኝ መጥተው ሳለ በቀፎ 6 አጠገብ ሲያልፉ ቆም ብለው ጆሯቸውን አስጠጉ። «ልጄ፣ አውራው ወጥቷል፤ ስማ፣ እየጮኸ ነው» አሉኝ። እኔም መዝገቤን በልቤ አስልቼ «አይ አባባ፣ ገና ሁለት ቀን ይቀረዋል» አልኳቸው። እሳቸውም አልተከራከሩኝም፤ «እንግዲህ አንተ ታውቃለህ» ብለው ወደ ቤት ገቡ።

ዛሬ ጠዋት ስከፍተው ዘጠኙም የንግሥት ቤቶች ፈርሰዋል። የእያንዳንዱ ቤት ጎን ተበስቷል፤ የቀዳዳው ጠርዝ የተነከሰና የተቦጫጨቀ ነው፤ ጫፉ ግን አልተነካም። በወጉ የወጣች ንግሥት የቤቷን ጫፍ በክብ ቆርጣ እንደ ክዳን ከፍታ ስለምትወጣ፣ በጎን የተበሳ ቤት የሚያመለክተው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ቀድማ የወጣች ሌላ ንግሥት እኅቶቿን ገና ሳይወለዱ ነድፋ ገድላለች። ፈልጌ አገኘኋት፤ ቀጭን፣ ፈጣን፣ ሆዷ ከሠራተኛ ንብ እምብዛም የማይበልጥ ናት። የመጣችበትንም ቤት በሦስተኛው ፍሬም ታችኛ ጠርዝ ላይ፣ ከእንጨቱ ጋር ተጣብቆ አገኘሁት። ክፍት እጭ የለበትም ብዬ በተውኩት ፍሬም ጠርዝ ላይ ጥቂት እጮች ኖረዋል፤ ንቦቹ ንግሥታቸውን ባጡ ጊዜ ከእነዚያ አንዷን፣ ምናልባትም የሁለት ቀን ተኩል ዕድሜ የነበራትን፣ ወደ ንግሥትነት ለውጠዋታል። ንቦቹን ሳላራግፍ ፍሬሞቹን መመርመሬ፣ ከሦስትና ከአራት ቀን በኋላም ተመልሼ አለመፈተሼ ዘጠኝ ንግሥት አስከፍሎኛል።

ይህች ትንሽ ንግሥት ግን በአንድ ነገር ጠቅማኛለች፤ በዕድሜ የገፋ እጭ ምን ዓይነት ንግሥት እንደሚወጣው በዓይኔ አሳይታኛለች። ሠራተኛና ንግሥት ከአንድ ዓይነት እንቁላል ነው የሚፈለፈሉት። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሁለቱም ሮያል ጄሊ ይመገባሉ፤ ሦስተኛው ቀን ገደማ ላይ የሠራተኛዋ ምግብ ይለወጣል። ከዚያ በፊት ወደ ንግሥት ቤት ያልገባች እጭ ንግሥት መሆን ብትችልም እንቁላል አፍሪዋ ያንሳል፣ ዘር የምታስቀምጥበት ከረጢትም ይጠባል፤ ስለዚህ ቶሎ ትደክማለች፣ ንቦቹም ቶሎ ይለውጧታል። ገበሬው ቀፎውን ለሁለት ከፍሎ ንግሥት የሌለውን ግማሽ «ራሱ ያውጣ» ብሎ ሲተወው በብዛት የሚያገኘው እንዲህ ያለችውን ነው።

ማታ ወደ ሽማግሌው ሄጄ ትክክል እንደነበሩ ነገርኳቸው። ቀድማ የወጣች ንግሥት እንደ ትንሽ ጡሩምባ ረዘም ያለ ድምፅ ታሰማለች፣ ገና በቤታቸው ያሉትም በተቆራረጠ ድምፅ ይመልሱላታል፤ እሳቸው ይህን የሚያውቁት ከአባታቸው ነው። «አውራ» የሚለውን ቃል ስንነጋገር እንደ ወንድ መቁጠራችን ግን ሳያስገርመኝ አልቀረም። በአውሮፓም ለረጅም ዘመን ንጉሥ ይሉት ነበር፤ በ17ኛው መቶ ዘመን ሆላንዳዊው ያን ስዋመርዳም ሆዷን ከፍቶ እንቁላል አፍሪዋን ካሳየ በኋላ ነው ሴትነቷ የተረጋገጠው። ሽማግሌው ይህን ስነግራቸው «እንቁላል የሚጥል ወንድ የለም፤ እኛ አውራ የምንለው ለክብሩ ነው» አሉኝ።

መስከረም 19

በዚህኛው ዙር ዕድሜን በግምት አልተውም። በትናንትናው ዕለት፣ በመስቀል ማግስት፣ እኩለ ቀን ላይ የቀፎ 4ን ንግሥት ባዶና ጠቆር ያለ እንጀራ ባለበት አንድ ፍሬም ላይ አድርጌ፣ ፍሬሙን በሁለት በኩል በንግሥት ማገጃ ዘግቼ ቀፎው መካከል አስቀምጬ ነበር። ሠራተኞቹ ገብተው ይመግቧታል፣ እሷ ግን መውጣት አትችልም። ዛሬ እኩለ ቀን ላይ ለቀቅኳት። በፍሬሙ ላይ ያሉት እንቁላሎች በሙሉ በእነዚህ 24 ሰዓታት ውስጥ የተጣሉ ናቸው። እንቁላል በሦስት ቀን ስለሚፈለፈል መስከረም 22 እኩለ ቀን ላይ ከአንድ ቀን የበለጠ ዕድሜ ያለው እጭ በፍሬሙ ላይ አይኖርም።

ቀፎ 6ን እንደገና ማስጀመሪያ አድርጌዋለሁ። ትንሿን ንግሥት አስወግጄ፣ አሁን እያንዳንዱን ፍሬም ንቡን ሙሉ በሙሉ አራግፌ፣ ጠርዙን በጣቴ እየዳሰስኩ ፈተሽኩ። የታሸገ እጭ ያለባቸውን ሦስት ፍሬሞች ከሌሎች ቀፎዎች ጨምሬ ወጣት ንቦቹን አበዛኋቸው። የመጭና የአደይ አበባ ወቅት በመሆኑ ቀሰሙም ጽጌ ብናኙም በገፍ እየገባ ነው፤ ሆኖም ጥቂት የስኳር ውኃ መስጠቴን አላቋረጥኩም።

መስከረም 22

ዛሬ ያዛወርኳቸው 24 እጮች ከመስከረም 4ቶቹ ጋር አይመሳሰሉም። ፍሬሙን ዘንበል አድርጌ ብርሃን ሲገባበት፣ በቤቱ ወለል ላይ የሚታየው የሰው ጥፍር ቁራጭ እንኳ የማያህል፣ ከእንቁላሉ እምብዛም የማይበልጥ፣ በትንሽ የወተት ጠብታ ላይ ተጥዶ የተጠማዘዘ ግልጽ ክር ነው። የዚህን ያህል የደቀቀውን ማየት ካልቻሉ ትክክለኛውን አላገኙም ማለት ነው፤ ዓይን ሁልጊዜ ወደ ትልቁ ይሄዳል፣ እጅም ይከተላል። የላባውን ጫፍ ከጀርባዋ በኩል ከወተቱ በታች አስገብቼ እጯን ከነወተቷ አነሣለሁ፤ ጽዋው ውስጥ አስቀድሜ ባኖርኩት የሮያል ጄሊ ጠብታ ላይ ሳደርጋት ላባውን ወደ ኋላ አንሸራትቼ አወጣዋለሁ፤ እጯ ሳትገለበጥ እንደ ተኛች ትቀራለች። ያልተሳካልኝን ደግሜ አላነሣሁም፤ ሌላ እጭ ወሰድኩ። ፍሬሙንና ጽዋዎቹን ለብ ባለ ውኃ ተነክሮ በተጨመቀ ፎጣ ሸፍኜ፣ በሩን ዘግቼ በክፍል ውስጥ ስለ ሠራሁ አልደረቁብኝም። ሠላሳ አምስት ደቂቃ ወሰደብኝ።

መስከረም 24

ከ24ቱ 18ቱን ተቀብለዋል። አሥራ ስምንቱንም ለማሳደግ ፈተናው ብርቱ ነበር፤ ነገር ግን አንድ ቀፎ በአንድ ጊዜ በደንብ ሊመግብ የሚችለው ስንት ነው ብዬ ራሴን ስጠይቅ መልሱ ከ18 ያነሰ ሆነብኝ። ወተቱ ያነሰባቸውንና ያዘመሙትን ስድስት አውጥቼ 12 አስቀረሁ። እነዚህንም ወደ ማሳደጊያው፣ ወደ ቀፎ 11 አዛወርኳቸው። ይህ ቀፎ የራሷ ንግሥት ያለችው ብርቱ ቀፎ ነው፤ ንግሥቲቱ ከታች በማገጃ ታግዳ፣ የንግሥት ቤቶቹ ከላይ ባለው ዕቃ ውስጥ በክፍት እጭ ፍሬሞች መካከል ናቸው። እጭ ባለበት ቦታ ሞግዚቶች ይሰበሰባሉ፣ ሙቀቱም በ34 እና በ35 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ መካከል ጸንቶ ይኖራል።

መስከረም 27

አሥራ ሁለቱም ታሽገዋል። ከአሁን ጀምሮ ሙሽሬዋ (በታሸገው ቤት ውስጥ ከእጭነት ወደ ንብነት የምትለወጠው) እጅግ ተሰባሪ ናት፤ ፍሬሙን ማራገፍም ሆነ መገልበጥ ክንፏን ወይም እግሯን ሊያሰናክል ስለሚችል እስከ ጥቅምት 2 ድረስ አልነካውም። በነገራችን ላይ በቀፎ 11 ላይኛው ዕቃ ውስጥ ንቦቹ በራሳቸው ፈቃድ የጀመሩት አንድ የንግሥት ቤት ነበር፤ ዛሬ አገኘሁትና አጠፋሁት። ያን ጊዜ ጠርዝ ላይ ተደብቆ ያጠፋኝን አሁን እኔ ቀደምኩት።

ጥቅምት 2

ለንግሥቶቹ አሥር ትንንሽ ቀፎዎች አዘጋጅቼ ነበር፤ እያንዳንዳቸው ሦስት ግማሽ ፍሬም የሚይዙ ሲሆኑ አንዱ የታሸገ እጭ፣ አንዱ ማርና ጽጌ ብናኝ፣ አንዱ ባዶ እንጀራ አለው። ንቦቹን ትናንት አስገብቼ ሌሊቱን ዘግቼ አሳደርኳቸው፤ ንግሥት እንደሌላቸው እንዲያውቁና ወደ ነበሩበት እንዳይመለሱ። ከ12ቱ ቤቶች አጠር ያሉትን ሁለቱን ትቼ፣ ርዝመታቸው 25 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆኑትንና ላያቸው እንደ ለውዝ ልጣጭ የተሸበሸበውን አሥሩን መረጥኩ። የተሸበሸበ ቤት ንቦቹ ብዙ ሰም ያፈሰሱበት፣ የተጨነቁለት ቤት ነው።

ቀፎዎቹን በመደዳ አላስቀመጥኩም። ንግሥት ከግንኙነት በረራዋ ስትመለስ ቤቷን ከተሳሳተች ትገደላለችና፣ አፋቸውን ወደ ተለያየ አቅጣጫ አዙሬ፣ ፊታቸውንም ሰማያዊ፣ ቢጫና ነጭ ቀብቼ፣ አንዱን ከቁጥቋጦ አጠገብ፣ ሌላውን ከድንጋይ ክምር አጠገብ አደረግኩ። የማስቀመጫቸውን እግሮች ጉንዳን እንዳይወጣባቸው የተቃጠለ ዘይት ባለበት ቆርቆሮ ውስጥ አቆምኳቸው።

ጥቅምት 5

ዘጠኙ ወጥተዋል። ንግሥት ከእንቁላል እስከ መውጣት በመጽሐፍ 16 ቀን የሚባለው በእኔ ቀፎዎች አብዛኞቹ ላይ በ15ኛው ቀን መጨረሻ ተፈጽሟል። አሥረኛው ቤት፣ በስተሰሜን ካለው ቀፎ የተገኘው፣ ሳይከፈት ቀርቷል፤ ስከፍተው ሙሽሬዋ ጠቁራ ሞታለች። ሌሊቱ እየበረደ ነው፤ በዚያኛው ቀፎ ንቡ አነስተኛ ስለነበር ቤቱን ሸፍኖ ማሞቅ አልቻለም። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ንብ የሰፈርኩት በግምት ነበር።

ባዶ የቀሩትን ቤቶች አንድ በአንድ በምላጭ ሰነጠቅኳቸው። ምናልባት ከዚህ ሥራ ሁሉ በጣም የወደድኩት ይህንን ነው። በዘጠኙም ቤቶች ላይኛ ጫፍ፣ እጯ ተንጠልጥላ በነበረበት ቦታ፣ የደረቀና የማር ቀለም ያለው ሮያል ጄሊ ተጋግሮ ይገኛል፤ በሰባቱ ውስጥ የአተር ፍሬ ያህላል፣ በሁለቱ ውስጥ ስስ ነው። ምግብ ተርፎ መገኘቱ እጯ እስክትታሸግ ድረስ ሳትራብ ማደጓን ይመሰክራል። ከመስከረም 14ቷ ንግሥት ቤት ያገኘሁት ባዶ የሰም ግድግዳ ብቻ ነበር። ስስ ጄሊ የተገኘባቸውን የሁለቱን ቀፎዎች ቁጥር መዝገብ ላይ አሰፈርኩ።

ጥቅምት 12

ከቀኑ 8 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት በሰማያዊው ቀፎ ፊት ለፊት ተቀመጥኩ። ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ነፋሱ ቀላል ነበር። 8 ሰዓት ከ20 ላይ ንግሥቲቱ አፉ ላይ ብቅ አለች፣ ዞር ብላ ቀፎውን እየተመለከተች ግራና ቀኝ ከተንሳፈፈች በኋላ ወደ ላይ ተወንጭፋ ጠፋች። 18 ደቂቃ ቆይታ ስትመለስ ከጭራዋ ጫፍ ነጭ ክር የመሰለ ነገር ተንጠልጥሎ ነበር፤ ይህ የመጨረሻው ድንጉላ የተወው ምልክት ነው። ሠራተኞቹ ከበቧትና ይዘዋት ገቡ። ንብ የሚበሉ ወፎች በባሕር ዛፉ ላይ ሦስት ነበሩ። ልጆቹ ጠጠር እየወረወሩ አባረሩልኝ።

ጥቅምት 19

ዛሬ ሁሉንም ከፈትኩ። በሰባቱ ውስጥ እንቁላል አለ፤ አንድ ቤት ውስጥ አንድ፣ ወለሉ መካከል ላይ የቆመ። በቢጫው ቀፎ ውስጥ ንግሥት የለችም፣ ንቦቹ አሉ፤ በበረራ ላይ ጠፍታለች። በድንጋዩ ክምር አጠገብ የነበረው ደግሞ ባዶ ነው፤ ንቡ ሁሉ ከንግሥቲቱ ጋር ሄዷል። ትንሽ ቀፎ ውስጥ ክፍት እጭ በማይኖርበት ጊዜ ንቦቹን የሚያስራቸው ነገር ስለሌለ ንግሥቲቱ ለበረራ ስትወጣ ተከትለዋት የሚቀሩበት ጊዜ አለ፤ የእኛ ንብ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። በሚቀጥለው ዓመት ንግሥቲቱ በወጣች በሦስተኛው ቀን ለእያንዳንዱ ቀፎ መዳፍ የምታህል ክፍት እጭ ያለባት ቁራጭ እንጀራ እሰጣለሁ።

ኅዳር 1

ንግሥትን የሚፈርድባት የታሸገ እጯ ነው። ሰባቱንም ፍሬሞች አውጥቼ፣ በክር አሥር በአሥር የሆነ ካሬ አበጅቼ፣ በውስጡ ያሉትን ባዶ ቤቶች ቆጠርኩ። በአምስቱ ውስጥ ከመቶ ቤት ባዶ የቀሩት ከስምንት አይበልጡም፤ በስድስተኛዋ 13 ናቸው። ሰባተኛዋ ግን በሠራተኛ ቤቶች ውስጥ ጉብ ጉብ ያለ የድንጉላ ክዳን በትና ተገኝታለች፤ በበቂ ሁኔታ አልዳበረችም ማለት ነው። ስስ ጄሊ ከተገኘባቸው ቤቶች የወጣችው አንዷ ይህች ናት፤ ሌላዋ ደግሞ 13 ባዶ የተቆጠረባት። ሁለት ብቻ ስለሆኑ ትልቅ ድምዳሜ አልሰጥበትም፤ ግን በመዝገቤ ውስጥ ከቀይ መስመር በታች አስፍሬዋለሁ። ሰባተኛዋን አስወግጃለሁ።

ስድስቱን ጀርባቸው ላይ በአረንጓዴ ቀለም ምልክት አደረግኩባቸው። በዓለም አቀፉ ልማድ በፈረንጆች አቆጣጠር በ4 ወይም በ9 የሚያልቅ ዓመት ንግሥት አረንጓዴ ትቀባለችና፣ በ2024 የተወለዱ መሆናቸውን ማንም አናቢ ቢያያቸው ያውቃል። ንግሥቷን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ደረቷን ብቻ መያዝ ያስፈልጋል፤ ሆዷን መጫን ፈጽሞ አይገባም። ቀለሙ እስኪደርቅ አንድ ደቂቃ ያህል እጄ ላይ ትቆያለች። የመጀመሪያዋን ስይዝ እጄ ተንቀጥቅጧል፤ ከሁለት ወር ተኩል ሥራ በኋላ የተገኘችውን በአንድ ጣት ስህተት ማጣት ይቻላልና።

ኅዳር 15

ማሩ ተቆርጦ አልቋል። በመቁረጡ መካከል ንግሥት መለወጥ ስላልፈለግኩ እስከዛሬ ጠበቅኩ። ትናንት በስድስት ቀፎዎች (2፣ 5፣ 8፣ 9፣ 13 እና 14) የነበሩትን አሮጌ ንግሥቶች አወጣሁ፤ ዛሬ ማታ አዲሶቹን በሽቦ ጎጆ ውስጥ አድርጌ፣ የጎጆውን አፍ ከማርና ከስኳር ዱቄት በተለወሰ ሊጥ ደፍኜ በእጭ ፍሬሞች መካከል ሰቀልኳቸው። ንቦቹ ሊጡን በልተው እስኪጨርሱ በሚወስደው ሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ሽታዋን ይለምዳሉ። የቀፎ 9ን ንግሥት ሳወጣ አንድ ቀን ሙሉ አመነታሁ፤ ብዙ ማር የሰጠኝ ይህ ቀፎ ነው። ነገር ግን ዘንድሮም በመስከረም አራት መንጋ አውጥቶ ሁለቱ አምልጠውኛል።

ኅዳር 21

አምስቱ ወጥተው በእንጀራው ላይ ረግተው ይሄዳሉ፤ ሦስቱ እንቁላል ጥለዋል። የቀፎ 2ን ንግሥት ግን ቀፎው ፊት መሬት ላይ ሞታ አገኘኋት። ምክንያቱን ስፈልግ በአራተኛው ፍሬም ላይ ተከፍቶ የተተወ አንድ የንግሥት ቤት አየሁ፤ አሮጌዋን ከማውጣቴ በፊት ንቦቹ ራሳቸው ሊለውጧት ጀምረው ኖሯል፤ የእኔ አረንጓዴ ነጥብ ስትገባ ሌላ ንግሥት ቤት ውስጥ ነበረች። ያችን ያወጡትን ንግሥት አልነካኋትም።

ታኅሣሥ 14

ብርዱ በርትቷል፣ አበባውም እያለቀ ነው፤ ሦስተኛ ዙር ለማድረግ አልተነሣሁም፣ በዚህ ወቅት ድንጉላዎች ከቀፎ እየተባረሩ ስለሆነ የምትወጣው ንግሥት የምትገናኘው አታገኝም። አምስቱም አዳዲስ ንግሥቶች በቦታቸው አሉ። ዛሬ ቀፎ 9ን ከፈትኩት፤ ከአረንጓዴዋ የተወለዱት የመጀመሪያዎቹ ሠራተኞች ገና ሳምንት አልሞላቸውም፣ ከአሮጌዋ ልጆች ጋር ተቀላቅለው አሉ፤ ፍሬሙን ሳወጣ ግማሹ ንብ ወደ ጫፍ ሲሮጥ ግማሹ እንደ ቀፎ 4 ንቦች በቦታው ረግቶ ቆየ። ከገጹ በስተቀኝ «መስከረም 2018፦ መንጋ ያወጣል ወይስ አያወጣም» ብዬ ጻፍኩና ቦታውን ክፍት ተውኩት።